«አራዋ» የ«ሐራ» ዘመድ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቋንቋ ዓምዳችሁ የጥንቱ የሊክያ ቃል «አራዋ» ከግእዙ «ሐራ» የተወረሰ ነው ተብሎ ወጥቷል። ሁለቱም «ነጻ» ማለታቸው እውነት ነው፤ ዝምድናው ግን የለም። ጽሑፉ ከእኛ ከደሴ በስተሰሜን ያለችውን የሐራ ገበያ ከተማን ሳይቀር ለማስረጃ ስለጠራ፣ የደሴ ተማሪዎች ደብተራቸው ላይ ሳይገለብጡት ይታረምልን።

ሊክያ ዛሬ የቱርክ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ነው። ቋንቋው በዛሬዋ ቱርክ ይኖሩ የነበሩት የጥንት ኬጢያውያን ቋንቋ ዘመድ ሲሆን በ29 ፊደላት ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌቶን በሚባለው የጥንት መቅደስ ፍርስራሽ፣ በሊክያ 41፣ በግሪክ 35፣ በአራማይክ 27 መስመር የተቀረጸበት ድንጋይ ተገኘ። መሠዊያ ስለማቆምና ካህን ስለመሾም የተላለፈ ውሳኔ ነው። አራማይኩ የራሱን መንገድ ስለሚሄድ፣ ለቃል ፍች መጀመሪያ የሚታየው ግሪኩ ነው።

ቃሉ ያለበት ሐረግ «ሴይፒዬቴ ፡ አራዋ» ይላል። የሊክያ ጸሐፊዎችም እንደ እኛ አባቶች ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለያሉ። ትንንሾቹ ቃላት ግን ይጣበቃሉ፤ «ሴ» እንደ ግእዙ «ወ» ነው፣ «ኢ» «ለእርሱ»፣ «ፒዬቴ» «ሰጡ»። ሲገጣጠም ልክ «ወወሀብዎ» ይሆናል። የ«አራዋ» የመጨረሻ አናባቢ በአፍንጫ ስለሚወጣ ቃሉ ተሳቢ ነው። እንግዲህ ለካህኑ ምን ሰጡት? ግሪኩ «ከግብር ነጻ መሆንን» ይላል።

እዚህ ላይ የሚቆም ሰው ይሳሳታል። ወረድ ብሎ «አራዋ» ነጻ ስለሚወጡ ባሮች ሲነገር ተመልሶ ይመጣል። ግሪኩ በዚያ ቦታ ሌላ ቃል ይጠቀምና፣ ነጻ የወጡት ለአምላኩ ሁለት ድራህማ ይክፈሉ ይላል። መጀመሪያ «የግብር ምሕረት» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ሁለተኛው ቦታ ላይ ይደናቀፋል። ለሁለቱም የሚበቃው «ነጻ» ብቻ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ የታየን ቃል ፍች በእርሳስ እንጂ በብዕር መጻፍ አይገባም።

ወደ ዝምድናው እንምጣ። የ«ሐራ» ሥር ሐ-ረ-ረ ነው፤ የዐረብኛው «ሑር» ወንድሙ ነው። «አራዋ» «ወ» ስላለበት «ሐራዊ»ን ይመስላል የሚል ቢኖር፣ «ሐራዊ» ውስጥ ያለው «ዊ» በ«ሰማያዊ» እንደምናየው ቅጥያ ስለሆነ ሲቆረጥ «ወ» አብሮት ይሄዳል። በኬጢያውያን ቋንቋ ግን ቃሉ ያው «አራዋ» ነው፤ «ነጻ አወጣ» የሚለው ግሥም «ወ»ን እንደያዘ ከእርሱ ይወጣል። ደግሞ ኬጢያውያን የጉሮሮ ድምፅ ነበራቸው፤ እነርሱ አያትን «ሑሐ» ሲሉ ሊክያውያን «ኹጋ» ይላሉ። «አራዋ» በሁለቱም ቋንቋ ያለ ጉሮሮ ድምፅ ይጀምራል። ታዲያ የ«ሐራ» «ሐ» የት ገባ?

ቃል ለመፍታት የሚነሳ ሰው በመጀመሪያው ዓምድ ጽሑፉን ከነነጥቡ ይገልብጥ፣ በሁለተኛው የተጣበቀውን ይለያይ፣ በሦስተኛው ግሪኩን ይጻፍ። ከሌላ ቋንቋ የሚመስለው ቃል የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ፍቹ ካልተገኘ ቦታው ባዶ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ቀረን። በእትማችሁ ሁለት ነጥቡ ወድቆ «ሴይፒዬቴአራዋ» እንደ አንድ ቃል ታትሟል። ማስተካከያውን ስታወጡ እባካችሁ ነጥቦቹን መልሱልን።

የግእዝና የጥንት ቋንቋዎች መምህራን፣ ከደሴ