ዶክተርዬ፣ ለውርንጭላዋ ስም አውጪላት

ዶክተርዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ይሄን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራቴ አጥፍቼዋለሁ። እማማ ያረፉ ጊዜ አልደወልኩም። መርዶውን የሰማሁት በሳምንቱ ነው፣ ከዛ ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ፣ ወሩ ዓመት ሆነ፣ ከዛ በኋላማ በምን አፌ ልደውል። ከአንድ ትሪ አብልተው ያሳደጉኝ ሰው... ይቅር በይኝ። ነፍሳቸውን ይማር፣ አንቺንም ያጽናሽ። ሌላውን ፊት ለፊት ስንገናኝ ነው የማወራሽ፣ በጽሑፍ አልሆነልኝም።

አሁን የግድ እንድጽፍልሽ ያደረገኝ ምን መሰለሽ፣ ማክሰኞ ሌሊት አህያችን ወለደች።

የዱር አህያ ነው የምልሽ። የሶማሌዋ፣ እግሯ ላይ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁር መስመር ያላት፣ አንቺ ሰመራ ተቀምጠሽ የሀገርሽ ልጅ የሆነች፣ እኔ ደግሞ አሜሪካ ድረስ መጥቼ ድርቆሽ የማቀርብላት። እዚህ የኛ ሰው እኔ የምሠራበት ዙ (የእንስሳት ማቆያው) ሲመጣ አጥሩ ጋ ቆሞ «ብር ከፍለን አህያ ልናይ ነው?» ይላል፣ እኔም ሮጬ ሄጄ በአማርኛ አስረዳለሁ፣ እንደሷ ያለች በዓለም ላይ ስንት እንደቀረች ስነግራቸው ዝም ይላሉ። አንዷ እናት እንደውም እግሯን አይታ «ውይ የኔ እናት፣ ካልሲ ያደረገች ነው የምትመስለው» አለች፣ ደስ አለኝ።

ካረገዘች ዓመት ሊሞላት ምንም ሳይቀራት ነው የወለደችው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ካሜራው ላይ ጋደም ስትል አየሁ፣ ሁለት የፊት ኮቴ ብቅ አለ፣ አፍንጫ ተከተለ፣ ከዛ ዝርግፍ። እናትየው ትልሳታለች ትልሳታለች፣ ውርንጭላዋ ትነሳለች ትወድቃለች፣ በአራተኛው ቆመች፣ ከዛ ጡቱን በፊት እግሯ በኩል ስትፈልግ እኔ ስክሪኑ ላይ «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ የኔ ልጅ» እያልኩ ብቻዬን እጮሃለሁ። እንገሩን ስታገኝ ያቺ አጭር ጭራዋ እንዴት እንደተርገበገበች ብታዪ። እግሯ ገና እርጥብ ነው፣ መስመሮቹ ግን ልክ በቀለም የተሰመሩ ይመስላሉ። ሴት ናት።

ሐሙስ ወረቀቱ መጣ። እናትየው ከእንግዲህ አትወልድም ይላል።

ታማ አይደለም። ዘሯ በዝቷል ተብሎ ነው። ስዊዘርላንድ ባዝል ያለው ዙ የነሱን የዘር መዝገብ ይይዛል፣ እያንዳንዷ ቁጥር አላት፣ እናቷ ማን፣ አባቷ ማን፣ አያት ቅድመ አያቷ ማን፣ ሁሉም ተጽፏል። በየዙው ያሉት ከዱር ከተያዙ ጥቂት እንስሶች የመጡ ስለሆኑ ሁሉም ይብዛም ይነስ ዘመድ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ከቀሩት ሁሉ ጋር ያላት ዝምድና በአማካይ ይሰላል፣ ዘመድ ያነሳት ትወልዳለች፣ ዘመድ የበዛባት ትቆማለች። አያቴ ሰባት ቤት ቆጥራ «ይሄማ ዘመድሽ ነው» ስትለን የነበረው ማለት ነው፣ ልዩነቱ እዚህ የምትቆጥረው ኮምፒውተር መሆኗ ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚያስበው ለ100 ዓመት ነው፣ ከመነሻው የጂን ብዝኃነት 90 በመቶውን ማቆየት። እናት ለልጇ የጂኗን ግማሹን ብቻ ነው የምታስተላልፈው፣ አንድ ወልዳ የሞተች እናት ግማሿ አብሯት ይቀበራል፣ እሱን ከሌላ ካላገኘሽው አለቀ።

ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ስብሰባው ላይ ተነስቼ «አንድ ትድገም» አልኩ። የተለማመጠች፣ እጄን የምታሸት፣ ልጇን እንደዚህ የምታሳድግ እናት ተቀምጣ፣ በሷ ፋንታ እንድትወልድ የተመረጠችው ማን መሰለችሽ? ነካሿ። ክንዴ ላይ ጠባሳ ያስቀረችብኝ፣ ባልዲ ስታይ የምትራገጠው፣ ሰው ሲመጣ ጥግ ይዛ ጆሮዋን ወደ ኋላ የምታጋድመው። የሷ መስመር ሊጠፋ ነው፣ ከሷ ሌላ ያንን ዘር የያዘ የለም ማለት ይቻላል። ወንዱ ከሌላ ዙ ይመጣላታል። ሰዎቹ በደንብ አስረዱኝ፣ እንባዬ እየመጣ ተቀመጥኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ዶክተርዬ፣ እኔ የምመርጠው ቢሆን ኖሮ በየጊዜው ለማዳዋን፣ ሰው የማትፈራዋን ነበር የማስወልደው፣ አይደል? ከሃያ ሰላሳ ትውልድ በኋላ የሚቀረው የእማማ ዳማ አህያ ነው። የቤት አህያም እኮ የመጣችው እንደዚሁ ነው፣ ከአፍሪካ የዱር አህያ፣ ሰው ለማዳ ለማዳውን እየመረጠ። ነካሿ የምትናከሰው ገና ዱር ስለሆነች ነው። ትናንት ሄጄ አጥሩ ጋ ብዙ ቆምኩላት። አልቀረበችኝም፣ እኔም ባልዲውን አስቀምጬላት ሄድኩ።

ዘመድ ከዘመድ ሲዋለድ ምን እንደሚመጣ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ያን የፍሎሪዳ ፓንተር፣ የትልቁን የዱር ድመት ነገር አብረን ነው የተማርነው። 20፣ 30 ቀርተው፣ ጭራቸው ጫፉ ላይ ተቆልምሞ፣ ልባቸው ችግር ያለበት፣ የወንዶቹ ቆለጥ የማይወርድ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከቴክሳስ 8 ሴት አምጥተው ለቀቁባቸው፣ ከዛ በአስራ ምናምን ዓመት ቁጥሩ ሶስት እጥፍ ሆነ። የሞንጎሊያው የዱር ፈረስ ደግሞ አለ፣ ሳንዲያጎ ዙ እ.ኤ.አ. በ1980 አቀዝቅዘው ካስቀመጡት ሴል 2020 ላይ በክሎኒንግ ውርንጭላ ተወለደ፣ ሊጠፋ የነበረ ዘር ከፍሪዘር ተመለሰ። ግን ፍሪዘሩም ቢሆን መጀመሪያ አንድ ሰው ያስቀመጠው ነገር ሲኖር ነው።

እኛስ ቴክሳሳችን የት ነው? ዳናክል ናት እኮ። ዳናክል ግን የሚመዘዝላት ምን ቀረ፣ አይዩሲኤን (ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት) ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ለመውለድ የደረሱትን ቢበዛ 200 ነው ያላቸው፣ እሱም እ.ኤ.አ. 2014 ላይ ነው። ያንጉዲ ራሳ ፓርክ ራሱ ለሷ ተብሎ የታሰበ ነው፣ አሁን እዛ የለችም። ከገዋኔ ወደ ሚሌ በሄድሽ ቁጥር አስቢኝ። አንቺ ጋ ያለው ፍርሃት ደግሞ ሌላ ነው፣ እዚህ ዘመድ ከዘመድ እንዳይዋለድ እንጠብቃለን፣ እዛ ከቤት አህያ ተዋልዳ ራሷን እንዳታጣ። ድርቅ ሲሆን ውሃው አንድ ነው፣ የአርብቶ አደሩም አህያ የዱሯም እዛው ነው የሚገናኙት። አርብቶ አደሩን ምን ትይዋለሽ፣ እሱም ውሃ ነው የፈለገው። አይተሽ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን እንኳን? ከሩቅም ቢሆን? ክልስ ይሁን ንጹህ እግሩን አይተሽ ትለያለሽ ወይ? እኔ አስር ዓመት ሙሉ ስንከባከባቸው ኖሬ አንድም ቀን በሀገራቸው ቆመው አላየኋቸውም። ይሄንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስድስት ኪሎ በተከራየንበት ክረምት ሌሊት አንበሶቹ ሲያገሱ አንቺ ስንት ድምፅ እንደሆነ ትቆጥሪ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? «ዛሬ አንዱ ጎደለ» ብለሽ እንቅልፍ ትከለክዪኝ ነበር። እነሱም ዘራቸው ተመርምሮ፣ 15ቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሌላው የአፍሪካ አንበሳ የተለዩ ናቸው ተባለ። ያን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ ያኔም መደወል ነበረብኝ፣ አልደወልኩም።

እሺ፣ የፈለግኩሽ ለዚህ ነው። ለውርንጭላዋ ስም ሊወጣ ነው። እዚህ ያሉት ልጆች የራሳቸውን ስም ዘርዝረው ነበር፣ እኔ እምቢ አልኩ፣ ከሀገሯ ስም ይምጣላት ብዬ እስከሚቀጥለው ዓርብ ቀን ሰጡኝ። አማርኛ አልፈልግም። የአፋር ስም ነው የምፈልገው፣ ከብት ጠብቀው ካረጁ፣ ድሮ እሷን ያዩ ከነበሩ ሽማግሌ። የዱሯን አህያ ምን ብለው እንደሚጠሯት ጠይቂልኝ፣ ከዛ ውርንጭላዋን፣ ከቻሉ ደግሞ እግሯ ላይ ያለውን መስመር ምን እንደሚሉት። ፎቶዋን እልክልሻለሁ፣ አሳዪያቸው። ያዩዋት ጊዜ ምን እንዳሉም ንገሪኝ።

እሷም ስታድግ ወደ ሌላ ዙ ትሄዳለች፣ ወረቀቱ ላይ አለ። ስሟ ግን በመዝገቡ አብሯት ይሄዳል።

ሌላ ብዙ ነበረኝ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ስራ ሰዓቱ፣ ይቆይ። ብትቆጪኝም ቅር አይለኝም፣ ብቻ መልሺልኝ። ስሙን ስትልኪ ግን በጽሑፍ አይሁን፣ ሽማግሌው ራሳቸው ሲሉት ቅጂልኝ፣ እኔ አንብቤ እንዳላበላሸው።

ያቺው ጓደኛሽ