ታወሩን አባረን ስልካችንን አስጮህነው

ጤና ይስጥልኝ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። የዛሬ ዓመት ገደማ ሰፈራችን አንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ አንቴና ሊተከል ነው ተባለና፣ ሰዉ «ጨረሩ ይጨርሰናል» ብሎ ፊርማ አሰባስቦ አስቀረው። ወረቀቱ እኔም ሱቅ መጥቶ ነበር። አልፈረምኩም። ያኔ ያኮረፉኝ ጎረቤቶች ዛሬም ሰላም የሚሉኝ በሩቁ ነው። አንቴናው ቀረ፣ ሰፈሩ ግን በአዳዲስ ፎቆች ተከበበ፣ ኔትወርኩም እየደከመ ሄደ። አሁን ከሚመጡልኝ ስልኮች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት በሽታ ነው ያለባቸው፦ ይግላል፣ ባትሪው ግማሽ ቀን አይደፍንም። ባትሪውን ስለካው ደህና ነው፤ የሚያደክመው ስልኩ ለሩቅ ታወር በኃይል መጮሁ ነው።

እኛ የምናወራው ታወሩ ስለሚልከው ብቻ ነው። ጆሯችን ላይ የለጠፍነው ስልክም እኮ ይልካል! በምን ያህል ኃይል እንደሚልክ ደግሞ ዋናው አዛዥ ታወሩ ነው፤ የስልኩን ድምፅ እያዳመጠ «ቀንስ»፣ «ጨምር» ይለዋል። በ2ጂ በ900 ሜጋኸርዝ ሲሠራ ተራ ስልክ በሙሉ ጉልበቱ ሲጮህ 2 ዋት ይደርሳል። ታወሩ ቅርብ ከሆነ ወደ 3 ሚሊዋት ድረስ ይወርዳል። ከ600 እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል ሜዳ ላይ አራት እጥፍ ነው፣ ግድግዳና ፎቅ በበዛበት ከተማ ግን ከ10 እጥፍም ሊያልፍ ይችላል።

በሬዲዮ አጠገብ ስልክ አስቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ገና ሳይጠራ «ድድድ ድድድ» የሚለው ነገር ስልኩ ለታወሩ ሲመልስ ነው። 2ጂ ላይ መጀመሪያ በትልቁ ይጮህና ታወሩ ሲሰማው ዝቅ ያደርገዋል። ታወሩ ሩቅ ከሆነ ዝቅ አይልም፣ ጥሪው እስኪያልቅ ሬዲዮውን ሲረብሽ ይቆያል።

ለ3ጂ ደግሞ ጉዳዩ የሞት ሽረት ነበር፣ ምክንያቱም ሁሉም ስልክ በአንድ ሞገድ ላይ በአንዴ ነው የሚያወራው። የእድር ስብሰባ አስቡ። ከሊቀመንበሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ከጮኸ፣ በር ላይ የቆሙት እናት ምን እንዳሉ ማን ይሰማል? ስለዚህ ለቅርቡ «ቀስ በል»፣ ለሩቁ «ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ» ማለት ግድ ነው። 3ጂ ይህን በሰከንድ 1500 ጊዜ ያደርጋል። ያንን እንደ 3ጂ ሁሉም በአንድ ሞገድ በአንዴ የሚያወራበትን የድሮውን ሲዲኤምኤ ስልክ የምታስታውሱት ካላችሁ፣ እሱ 800 ጊዜ ነበር። ኳልኮም የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በሲዲኤምኤ ሲመጣ ብዙ መሐንዲስ «ይሄ ቅርብና ሩቅ ነገር ገደል ይከተዋል» ብሎ ነበር። በፈረንጆቹ 1989 ሳንዲያጎ ላይ ሠርቶ አሳያቸው።

4ጂ ላይ ተራ ስልክ ጣሪያው 0.2 ዋት ነው። ታወሩ ግን በአስር ዋቶች ይልካል። ስለዚህ ዳር ያለ ሰው ቪዲዮ እያየ አንዲት ፎቶ መላክ ያቅተዋል። «ሄሎ! ሄሎ! እኔ እሰማሃለሁ፣ አንተ አትሰማኝም?» የምንባባለውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ኔትወርኩ ዳር ያለውን ስልክ እስከሚፈልገው ድረስ እንዲጮህ ሆን ብሎ ላይፈቅድለት ይችላል፤ የጎረቤት ታወር ይረብሻልና።

ጨረርን መፍራት ነውር ነው አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፈረንጆቹ 2011 የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ፣ በ2ቢ፣ አስገብቶታል። ግን ያኔ ዋናው መነሻ ስልክ ጆሯቸው ላይ ይዘው ብዙ በሚያወሩ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር፣ ታወር ሥር በሚኖሩት ላይ የተደረገ አይደለም። ጣሪያ ላይ ያለው አንቴና ብዙውን ኃይል የሚተፋው ወደ ፊት ለፊት ነው፣ ወደ ታች አይደለም፤ እኛ ጋ እስኪደርስም በርቀቱ ይሳሳል። ስልኩ ግን ጉንጫችን ላይ ነው።

ደግሞ ይህችን ልጨምር፦ ቡስተር (የኔትወርክ ማጉያ) እየገዛችሁ የምትሰቅሉ፣ እባካችሁ። በደንብ ያልተገጠመ ቡስተር የናንተን ድምፅ ብቻ አይደለም የሚያጎላው፣ ጫጫታውንም አጉልቶ ታወሩ ጆሮ ላይ ይደፋዋል፤ ከዚያ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ለመሰማት የባሰ ይጮሃል።

የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አንቴና ከመተከሉ በፊትና በኋላ በሰፈሩ የተለካው ኃይል ስንት እንደሆነ በአማርኛ፣ ቀበሌ በር ላይ ይለጠፍልን። ሰው ቁጥሩን ካላየ ወሬውን ነው የሚያምነው፣ አይፈረድበትም።

ፊርማውን ካሰባሰቡት አንዱ ባለፈው ሳምንት ባትሪ ሊያስቀይር መጣ። ለካሁት፣ ምንም አልሆነም። ስልክህን ቤት ስትገባ መስኮት አጠገብ አስቀምጠው፣ ስታወራ ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ አድርገው አልኩት። «ባትሪውን ብቻ ቀይርልኝ» አለኝ። ቀየርኩለት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሞባይል ጠጋኝ፣ ከአዲስ አበባ