ደብዳቤ ለልጄ፦ በር ላይ አትንጠልጠል

አቡሽዬ፣

ፎቶህን አየሁት። ለእኔ አልላክህልኝም፤ እህትህ ናት ያሳየችኝ። ባቡሩ እየበረረ በአንድ እጅህ ብረቱን ይዘሃል፣ ግማሽ አካልህ ውጭ ነው፣ ደግሞ ትስቃለህ። ስማኝ፣ በር ላይ አትንጠልጠል።

«ሙምባይ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሄደው» እንዳትለኝ። በዚያ ከተማ ባቡር መስመር በዓመት ከ2,000 በላይ ሰው ይሞታል። አንዱ ሐዲድ ሲያቋርጥ፣ ሌላው ከበር ወድቆ። በ2017 ሰኔ መጀመሪያ ሙምብራ ጣቢያ አጠገብ የሆነውን አንብቤያለሁ። ሁለት ባቡሮች ኩርባው ላይ ሲተላለፉ በር ላይ የነበሩት ረገፉ። ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ሥራ ሊገቡ የወጡ ሰዎች።

አጎትህ ኳስ ሲጫወት ነው እግሩ የተሰበረው ስንልህ ኖረናል አይደል? ኳስ አይደለም። በደርግ ጊዜ ከጅቡቲ በባቡር ጨርቅና ሽቶ ያመጣ ነበር። የጉምሩክ ፊናንሶች ጣቢያው ላይ ስለሚጠብቁ፣ ባቡሩ ሺንሌን አልፎ ድሬ ሊገባ ሲል መጀመሪያ ጥቅሉን ይወረውራል፣ ከዚያ ራሱ ይዘላል። እኛ ልጆች ሐዲዱ ዳር ቆመን እቃውን እንለቅማለን። አዘላለሉ ሲያምር! ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጦ ቀጥ ይላል። እኔ አጨበጭብለት ነበር። አንድ ቀን ገና በሩ ላይ እያለ ስሙን ጠራሁት። ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ፣ ልክ እንዳንተ። ያን ጊዜ ነው እግሩ የከዳው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። የኳሱንም ወሬ ያመጣው እሱ ነው፣ እኔን ብሎ።

ነገርኩህ እንግዲህ። ለእሱ እንዳወቅህ እንዳትነግረው።

በር ላይ አትንጠልጠል ብያለሁ። «እሷ ድሬ ተቀምጣ ምን ታውቃለች» ማለት የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ዩቲዩብ ስበረብር ነው ያደርኩት። ጠዋት ከአንዴሪ ወደ ቸርችጌት ስትሄድ ከቪራር የሚመጣውን ፈጣን ባቡር ተወው፤ አንዴሪ ሲደርስ ጢም ብሎ ነው። ከአንዴሪ የሚነሳውን፣ በየጣቢያው የሚቆመውን ያዝ። ይዘገያል፣ ግን ትቀመጣለህ። ቦርሳህን ደረትህ ላይ አድርግ። በሩ የሚዘጋ ኤሲ ያለው ባቡርም አለ። ሜትሮም አለልህ፦ ከአንዴሪ ማሮል ናካ፣ እዚያ ቀይረህ በምድር ውስጥ ቸርችጌት ድረስ። «በ10 ሩፒ እየደረስኩ ለምን እከስራለሁ» ብለሃታል አሉ ለእህትህ። ልዩነቱን እኔ እልካለሁ። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አላጣም።

የኔ ጌታ፣ እዚያ ብቻህን መሆንህ ይገባኛል። ከጓደኞችህ ተለይተህ አላንስም ብለህ እንደሆነም አውቃለሁ። ቢሆንም።

ዝናብ ሐዲዱን ሞልቶት ባቡር ከቆመ፣ ወርደህ በሐዲድ ላይ እንዳትሄድ። ውስጥ ጠብቅ። ፓስፖርትህን በላስቲክ ጠቅልለው፤ ኮፒውን ዛሬውኑ ላክልኝ። ማታ ቸርችጌት ካመሸህ ባጃጅ እጠራለሁ እንዳትል፤ ባጃጅ ከባንድራ ወደዚያ አያልፍም። ሜትር የሚያስቆጥር ታክሲ ያዝ። እዚህ ድሬ ቢሆን ባጃጁ ሳሎን ድረስ ነበር የሚያስገባህ!

ሽሮና በርበሬ በሰው ልኬልሃለሁ። ቅዳሜ በአዲስ አበባው በረራ ይደርሳል። ኤርፖርት በሜትሮ ሂድ፤ ማሮል ናካ ስትቀይር የሚቀጥለው ጣቢያ ነው። እቃው ከባድ ስለሆነ ስትመለስም በሜትሮ። ሻንጣ ይዘህ ያ ባቡር ውስጥ አትግባ፣ በሩ ላይማ ጭራሽ።

ስትደርስ ደውል። ቴክስት አልፈልግም፣ ድምፅህን ነው።

እናትህ