ቃሌን እስካገኝ ለጠበቃችሁኝ የድሬዳዋ ሰዎች

ከሁሉ በፊት ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግነው ሰው ብዙ ነው። በስም እየጠራሁ ብጀምር የቀረው ይቀየመኛል፤ ደግሞም ስም መጥራት እስካሁን ከሚያስቸግሩኝ ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ በዋላችሁልኝ ውለታ ልጥራችሁ፣ ማን ማን እንደሆናችሁ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ይህን የጻፍነው ሁለት ሆነን ነው። ነገሩን እኔ አወጣለሁ፣ ልጄ ታሰካዋለች፣ መልሳ ታነብልኛለች፣ ያላልኩት ከገባ እጄን አነሳለሁ። አንዳንዱን ቃል እሷ ሦስት አማራጭ አቅርባልኝ ነው የመረጥኩት። ቃሉ ካማረ የእሷ ነው፣ ሐሳቡ ግን የኔ ነው።

ባለፈው ዓመት ስትሮክ እንደመታኝ ከተማው ሰምቷል። በግራ በኩል ወዳለው የአንጎሌ ክፍል የሚሄድ የደም ሥር በረጋ ደም ተዘጋና ቀኝ እጄንና ቀኝ እግሬን፣ ከእነሱም ጋር ንግግሬን ወሰደብኝ። እጅና እግሬን ሁሉም ያያል፤ የሚመጣው ጠያቂ በሙሉ "እጇ ተንቀሳቀሰ?" ይላል። የማይታየውን ያያችሁልኝ ጥቂት ናችሁ፣ ዛሬ ረዘም አድርጌ ላመሰግን የተነሳሁትም እናንተን ነው።

አንተ ባጃጅ ነጂው ልጄ፣ መጀመሪያ አንተ። ሱቄን ዘግቼ ከቀፊራ ገበያ ስሳፈር "የት ልውሰድሽ እናቴ?" ብለህ ጠየቅከኝ። "ሳቢያን ሠፈር" ማለት አቃተኝ። አፌ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም አየህ፣ የከፈልኩህ ብር ከእጄ ሲወድቅ አየህ። በዚያ ያለፈው ሰው "ሙቀቱ ነው፣ ቤቷ ገብታ ትተኛ" ሲል አንተ ግን ባጃጅህን አዙረህ በቀጥታ ወደ ድልጮራ ሆስፒታል ነዳኸው። ከማን እንደተማርከው አላውቅም። ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ እንቅልፍ መድኃኒት አይሆንም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያም ቢሆን መጀመሪያ በሲቲ ስካን ደም መፍሰስ አለመሆኑ መታየት አለበት፣ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ያው መድኃኒት ይገድላል። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። የዚያን ቀን ያወቅኩት ባጃጁ እንደፈጠነ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የነበረኝ ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ "እሺ" የሚለው። አመመሽ? እሺ። ውሃ ይምጣልሽ? እሺ። በቃሽ? እሺ። "አይ" ማለት ፈልጌ የሚወጣው እሺ ነው። ልጆቼ መጀመሪያ ላይ የተስማማሁ መስሏቸው ሾርባ ሲያጠጡኝ ዋሉ። ሐኪሞቹ አፌዥያ ይሉታል። የሰው ነገር ይገባኛል፣ የምናገረው አለኝ፣ ቃሉ ነው የማይመጣው። ሰው ግን አእምሮዬ የሄደ ወይም ጆሮዬ የደነቆረ ይመስለዋል፤ አንዱ ይጮህብኛል፣ ሌላው እዚያው አጠገቤ ተቀምጦ "ትሰማለች እንዴ?" ብሎ ልጄን ይጠይቃል። እሰማ ነበር። የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፣ ይቅርታም አድርጌያለሁ።

በዚህ መሃል ነበር አንዲት ነርስ አልጋዬ ጠርዝ ላይ የተቀመጠችው። አውራ ጣት ወደ ላይ ከሆነ አዎ፣ ወደ ታች ከሆነ አይ። በወረቀት ላይ ብርጭቆ፣ ብርድ ልብስ፣ ሽንት ቤት ሳለችልኝ። ሥዕሏ አያምርም፣ ግን በግራ ጣቴ ስጠቁም "አይ" ማለት ቻልኩ። እህቴ፣ ሰውነቴን የመለስሽልኝ በዚያች ወረቀት ነው።

ሐኪሙም አንድ ነገር አጫወተኝ፣ እስካሁን ያጽናናኛል። እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ውስጥ ብሮካ የሚባል ሐኪም አንድ በሽተኛ ነበረው፤ ሰውየው የሚጠየቀው ሁሉ ይገባዋል፣ የሚመልሰው ግን "ታን" ብቻ ነው። ሲሞት አንጎሉ ሲታይ የተጎዳው በግራ በኩል፣ ከፊት ለፊት ነበር። ሳይንስ ንግግር ከአንጎል የትኛው ክፍል እንደሚወጣ መለየት የጀመረው በዚያ ሰው ነው። እኔም "እሺ" ብዬ ስቀር ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው። የፓሪሱ ሰውዬ ግን በቀፊራ ገበያ ዕዳ የሚጠይቃቸው ሰዎች አልነበሩትም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

የሠፈራችን መሪጌታ፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ። መጥተው "አባታችን ሆይ" ሲጀምሩ ተከትዬዎት እስከ መጨረሻው አልኩት። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ፤ ዳነች ተባለ፣ ወደ ቁልቢ ስለት የተሳለም አለ። ከዚያ ወዲያው ውሃ ልጠይቅ ብዬ አፌን ስከፍት "እሺ" ወጣ። ሰዉ ግራ ገባው። ሐኪሙ እንዳስረዳን በልጅነት በቃል የተያዘ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ቁጥር፣ ይቅር ይበለኝና ስድብም ጭምር፣ አዲስ ዓረፍተ ነገር በሚሠራበት መንገድ አይመጡም፤ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ስድቡ እውነት ነው። አንድ ቀን ጧት የማላውቃት አፌ ያወጣችውን ልጄ እዚህ ልትጽፈው አልፈቀደችም። እርስዎ ግን ሌሎቹ ተስፋ ቆርጠው ሲቀሩ "ያልዳነው ገና ይድናል" ብለው በየሳምንቱ መምጣት አላቋረጡም።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ በቅርባችን አላገኘንም። የኔ የንግግር ሐኪም የሱቅ ጎረቤቴ ሶማሌዋ እህቴ ናት። ሱቄን ከሱቋ ጋር አጣምራ ከፍታ ያዘችልኝ፣ መቀመጥ ስችል ደግሞ በርጩማ አውጥታ ጨርቅ መሃል አስቀመጠችኝ። ድሬ ላይ ለሚነግድ ሰው አንድ ቋንቋ አይበቃውም፤ እኔ ገንደ ቆሬ ከኦሮሞ ልጆች ጋር አድጌ፣ በቤቴ አማርኛ፣ በሱቅ ሶማሊኛ እያወራሁ ኖሬያለሁ። ታዲያ የትኛው ቀድሞ የተመለሰ ይመስላችኋል? ልጆቼ አማርኛን ሲጠብቁ አንዲት ደንበኛ ሻሽ አንስታ "ሜቃ?" ስትለኝ ዋጋውን በኦሮምኛ ነገርኳት። ስለዚህ ነገር ድሮም ሊቃውንት ተከራክረውበታል አሉ። እ.ኤ.አ. በ1881 ሪቦ የተባለው ፈረንሳዊ መጀመሪያ የተማሩት ቋንቋ ይመለሳል ሲል፣ በ1895 ደግሞ ፒትር የሚባለው አዘውትረው የሚናገሩት ነው አለ። የኔ አፍ ሁለቱንም አልሰማም፣ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን እያመጣ ያደባልቃል። ገበያው ግን ድሮም እንደዚያው ስለሚያወራ ማንም አልተገረመም።

ያቺ እህቴ ያደረገችው ትልቁ ነገር መጠበቅ ነው። ቃል ስፈልግ አፌ ላይ አትጨርስብኝም። ገዢው ሲቸኩል "ቆይ፣ እየመጣ ነው" ትለዋለች። ቁጥር በተለይ ፈተና ነበር፤ ከአንድ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ፣ ሰባትን ለብቻዋ ማንሳት ግን አልችልም። ስለዚህ በሹክሹክታ ከአንድ ጀምሬ ሰባት ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ እላታለሁ። እሷ ጣቷን እያጠፈች አብራኝ ትቆጥራለች፤ የብሩን መልስ ሳልሳሳት ሰጥቼ ስጨርስ ደግሞ ሳቋ መጋላ ድረስ ይሰማል።

የእድራችን እናቶች፣ ለእናንተ ያለኝ ምስጋና ከሃፍረት ጋር የተቀላቀለ ነው። በዚያ ለቅሶ ላይ ሳቅኩ። ሟችን እወደው ነበር፣ ልቤ አዝኗል፣ ፊቴ ግን ይስቃል፤ ማቆም አልቻልኩም። እናንተ ነጠላ ጣል አድርጋችሁብኝ እንደሚያለቅስ ሰው አቅፋችሁ አወጣችሁኝ። በሌላ ቀን ደግሞ በቴሌቪዥን የሳሙና ማስታወቂያ እያየሁ አልቅሻለሁ። ስትሮኩ ስሜትን የሚገታውን የአንጎል መንገድ ሲጎዳ እንዲህ ይሆናል፤ ሳቁም ልቅሶውም ከልብ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ለሟች ቤተሰብ ይህን ሄዳችሁ ያስረዳችሁልኝ እናንተ ናችሁ።

እውነተኛው ሐዘን ሌላ ነው፣ እሱ የመጣው እጄ መሻሻል ከጀመረ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ "ተመስገን፣ ተረፍሽ" ሲለኝ እኔ ወደ ግድግዳ ዞሬ መተኛት፣ አለመብላት ጀመርኩ። "ጸባይዋ ተለወጠ፣ ትዕቢት ነው" ያለም ነበር። ከስትሮክ ከተረፉ ሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ እንዲህ ያለ የመንፈስ ጭንቀት እንደሚይዘው፣ የሕመሙ አካል እንደሆነና እንደሚታከም የነገረችን ያቺው ነርስ ናት። መድኃኒት ታዘዘልኝ። የወንድሜ ልጅም ፀሐዩ ሲበርድ በከዚራ ሠፈር ዛፎች ጥላ ሥር እየደገፈ ያራምደኝ ጀመር። በመንገድ ላይ ምንም አይጠይቀኝም፣ እግሬን ብቻ ነበር የሚያየው።

ጠያቂዎቼንም አመሰግናለሁ፣ ግን አንድ ነገር ልበል። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ፣ የማንንም ቃል መያዝ ያቅተኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድካም ተኝቶ የሚነሱበት ድካም አይደለም። ልጄ በር ላይ ቆማ "ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ" ስትል የተቀየመ አለ። እኔ ነኝ ያዘዝኳት፣ በአውራ ጣቴ።

ልጄን ደግሞ በቡና አመሰግናታለሁ። መጀመሪያ ቡና ላፍላ ብዬ ስነሳ ቅደም ተከተሉ ጠፋኝ። አጠብኩ፣ ቆላሁ፣ ከዚያ ሳልወቅጥ ጀበና ውስጥ ልጨምር ስል እሷ አየችኝ። ሙቀጫውን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና ዝም አለች። በእጇ ነጥቃ ብታፈላው ቶሎ እንጠጣ ነበር። ያን ቀን ቡናው ሲወርድ መሽቶ ነበር።

በፊዚዮቴራፒ ክፍል ከኔ ጋር ይመጡ የነበሩትን አባትም አልረሳም። የእሳቸው ጉዳት በቀኝ አንጎል በኩል ስለሆነ ንግግራቸው ደህና ነው፣ ግራው ዓለም ግን የለላቸውም። እንጀራውን በቀኝ በኩል ጨርሰው "ጨምሩልኝ" ይላሉ፤ ባለቤታቸው ሳህኑን ታዞረዋለች፣ "አሁን አመጣሽ?" ይላሉ። እኔ ነገሩን አይቼ መናገር አልችልም፣ እሳቸው መናገር ይችላሉ አያዩትም። አብረን ብዙ ሳቅን። እርስዎንም ይማርልን አባቴ።

አሁን ጧት ጧት ሱቅ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱና ድካሙ ስለሚበረታ አልገኝም። ስትመጡ አንድ በአንድ አውሩኝ፣ ቃል ስፈልግ ጠብቁኝ።

በመጨረሻም፣ ታምሜ ሳለ መጥታችሁ "ዕዳዬን ለሚቀጥለው ዓመት ብታስተላልፊልኝስ?" ብላችሁኝ "እሺ" ያልኳችሁ ደንበኞቼ፦ ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ያኔ ሌላ ቃል አልነበረኝም። አሁን "አይ" ማለት ችያለሁ፤ ቀፊራ ኑና ሂሳባችንን እንተሳሰብ።