ቦቴ ልትይዝ ነው አሉኝ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ ድንገት ስጽፍልህ ምን ገጠመው ብለህ እንዳትደነግጥ፤ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ብዕር ያስነሣኝ ያንተው ወሬ ነው። ደረቅ ጭነቱን ትተህ ቦቴ ልትይዝ ነው አሉኝ፤ ቤንዚንና ናፍጣ። ስለ መሪ አያያዝ ላንተ የምነግርህ ብዙ የለኝም። ቦቴ ላይ ግን መንዳቱ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ የሚሠራው መኪናው ቆሞ፣ ሲጫንና ሲራገፍ ነው። ደረቅ ጭነት ያላስለመደህም ይህኛውን ስለሆነ የማውቀውን ሳልቆጥብ ልጻፍልህ። ይረዝማል፤ ታገሠኝ።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከትነቱ ነው። ቤንዚን ነደደ ሲባል የነደደው ከፈሳሹ ላይ የተነሣው ትነት ነው። ትነቱም ብቻውን አይነድም፤ ከአየር ጋር በልኩ መደባለቅ አለበት። ልኩ ከመቶ ከ1.4 እስከ 7.6 ገደማ ነው፤ ካነሰ ይሳሳል፣ ከበዛ አየር ያጥረዋል። ቤንዚን በሞላበት ዝግ ክፍል ውስጥ ከላይ የቀረችው ቦታ በትነት ስለምትታፈን አትቀጣጠልም። ስታራግፍ ግን ፈሳሹ በወጣ ቁጥር አየር ይገባል፣ ድብልቁም እየሳሳ ሄዶ ልኩ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ «ባዶ ነው» የሚባለው ቦቴ ከሙሉው ይልቅ ለፍንዳታ ቅርብ ነው። ተራግፎም ቢሆን ታጥቦ፣ ትነቱ ወጥቶለት፣ በመለኪያ መሣሪያ እስኪረጋገጥ ድረስ የአደገኛ ጭነት ምልክቱ ከላዩ አይነሣም። አንዲት የመወጣጫ ብረት ተሰብራ ብየዳ ብትፈልግም ሕጉ ያው ነው።

ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ማንም አይገባም፤ ጨርቅ ወድቆበት ቢሆን፣ ቁልፍ ወድቆበት ቢሆን። ትነቱ ኦክስጅኑን ይቀማና ሰውየው ሳይጮህ ይወድቃል። ሊያወጣው የገባው ሁለተኛው ሰውም እዚያው ይቀራል፤ እንዲህ ዓይነት አደጋ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ሬሳ የሚወጣበት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ለረዳትህ ከመጀመሪያው ቀን ንገረው።

ትነቱ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል። ሽቅብ ሄዶ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይተኛል፣ ራቅ ብሎ ከሚነድ እሳት ጋር ሲገናኝ ነበልባሉ ወደ ቦቴው ተመልሶ ይመጣል። ብርድ ነው ብለህም አትዘናጋ፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢም ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። ናፍጣ ግን በአብዛኛው ከ55 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይሰጥም። ብዙ ሾፌር ናፍጣ ሲጭን ዘና የሚለው ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

ክፍሉ ቀድሞ የጫነው ቤንዚን ከነበረና አሁን ናፍጣ የሚገባበት ከሆነ፣ ከሁሉም አጫጫን የሚከፋው ይኸኛው ነው። የቀረው የቤንዚን ትነት ከገባው አየር ጋር ተደባልቆ ልኩ ውስጥ ይገኛል። ናፍጣው ደግሞ በቱቦ ውስጥ ሲፈስ በሰበቃው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ያነሣል፤ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍም ክምችቱ ቶሎ አይለቀውም። ድብልቁም ብልጭታውም በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ክፍል ያለፈ ጭነት ጽፈህ ያዝ፣ ለጫኙም ሳይጠይቅህ ንገረው። ዝቃጩን እስከ መጨረሻው አንጠፍጥፍ። ሲጀመር የፍሰቱ ፍጥነት በሴኮንድ ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ የማስገቢያው አፍ በፈሳሹ እስኪሸፈን እንዲሁ ይቆይ። ከላይ የሚጫን ከሆነ ቱቦው እስከ ወለሉ ድረስ ይውረድ፤ ከከፍታ እየተንፏፏ የሚወርድ ነዳጅ ትነቱንም ስታቲኩንም ያበዛል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል ደግሞ እንዲህ ነው። ሞተር ይጠፋል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ጎማው ታኮ ይደረግለታል፣ ስልክ ጋቢና ይቀራል። ከዚያ ከማናቸውም ቱቦ በፊት ስታቲኩን ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ሽቦ ይታሰራል። መቆንጠጫው ቀለም ወይም ዝገት ላይ ከነከሰ እንዳልታሰረ ቁጠረው፤ ለዚሁ የተዘጋጀው ያልተቀባ ብረት ላይ ይሁን። ቀጥሎ የትነት መመለሻው፣ ከእሱ በኋላ የነዳጁ ቱቦ። ሲፈታ በተገላቢጦሽ ነው፤ የመሬት ሽቦው ከሁሉ መጨረሻ ይነሣል። ሽቦው ሲታሰርም ሲፈታም ትንሽ ብልጭታ ሊኖር ይችላል፤ ያ ብልጭታ ቱቦም ክዳንም ክፍት ባልሆነበት ሰዓት ይሁን ነው ነገሩ። ጭነቱ እንዳለቀም ቶሎ ክዳን ከፍተህ መለኪያ ዘንግ አትስደድ፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ክምችት እስኪረግብ የመጫኛው ቦታ የወሰነውን ደቂቃ ጠብቅ። የምታንጠባጥብበት ባልዲም የፕላስቲክ አይሁን፤ ፕላስቲክ ስታቲኩን ወደ መሬት አይለቀውም። በመሀል ጋቢና ገብቶ መውጣትም ጥሩ አይደለም፤ ልብስህ ከወንበሩ ጋር ሲፋተግ ራስህ ስታቲክ ይዘህ ትመጣለህ።

ስለ ማራገፍ አጭር ነው የምለው። ተቀባዩ ጋን ስንት ሊትር ቦታ እንዳለው ሳትለካ ቫልቭ አትክፈት፤ ቱቦው የገባበትን አፍ ደግሞ ሁለት ጊዜ እይ። ቤንዚን በስሕተት ናፍጣ ጋን ቢገባ ጉዳቱ ሞተር ላይ ብቻ አይቆምም። ከሁሉ የሚያስፈራው ነጭ ጋዝ ነው፤ ጥቂት ቤንዚን የተቀላቀለበት ነጭ ጋዝ ቤት ውስጥ ኩራዝና ምድጃ ላይ ሰው ያቃጥላል፣ የገዛውም ሰው በምን እንደተቃጠለ አያውቅም። ነዳጁ እየወረደ ሳለ ከቫልቩ አትራቅ። «አንድ ነገር ልግዛና ልምጣ» የለም።

ደረቅ ጭነት ሙሉ ከሆነ ሙሉ ነው። ፈሳሽ ግን ሲሞቅ ያብጣል። 10,000 ሊትር ቤንዚን 10 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 100 ሊትር ይጨምራል፤ በጠዋት ብርድ ጥግ ድረስ የሞላህ እንደሆነ ቀትር ላይ መተንፈሻው ይተፋዋል። ስለዚህ ከላይ ከመቶ ከ3 እስከ 5 ያህል ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ትክክለኛውን ለየነዳጁ የተሰጠውን ተከተል። በግፊት የሚጫን ጋዝ ላይ ነገሩ ከመትፋትም ያልፋል። በሐምሌ 1978 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስፔን ውስጥ በአንድ የመዝናኛ ድንኳን ሰፈር አጠገብ የፈነዳው የፕሮፒሊን ቦቴ ከሚችለው በላይ ተጭኖ ነበር፤ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ባለንብረት «ትንሽ ጨምርበት» ቢልህ የምትመልሰውን ከአሁኑ አዘጋጅ።

መንገዱ ላይ የሚለየው ጭነትህ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ፍሬን ስትይዝ ፈሳሹ ወደ ፊት ይመጣና ከቆምክ በኋላ መኪናውን ይገፋዋል፤ አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ መስቀለኛ መንገድ ውስጥ ሊያስገባህ ይችላል። ከሙሉውም ከባዶውም የሚብሰው ግማሹ ነው። በ1957 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የአውሮፓ የአደገኛ ጭነት ስምምነት ይህን አይቶ፣ ከ7,500 ሊትር በማይበልጡ ክፍሎች ወይም ማዕበል በሚሰብሩ ግድግዳዎች ያልተከፋፈለ ታንክ ወይ ከመቶ 80 በላይ ይሙላ ወይ ከ20 በታች ይሁን ይላል። ግድግዳዎቹም ቢሆኑ የሚያግዙህ ለፊትና ለኋላው እንቅስቃሴ ነው። ለጎኑ ብዙም አይጠቅሙም፤ ቦቴ ደግሞ የሚገለበጠው በጎኑ ነው።

ስለዚህ ኩርባ ሳትገባ በፊት ፍጥነትህን ጨርስ፤ ኩርባው ውስጥ ሆኖ ፍሬን መርገጥ ፈሳሹን ወደ ፊትም ወደ ጎንም አንድ ላይ መላክ ነው። በ40 የሚዞሩትን ኩርባ በ50 ብትዞረው ወደ ውጭ የሚገፋህ ኃይል ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ ለዓይን ግን 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የቀኝ ጎማህ ከአስፋልት ቢወጣ መሪውን ቀምተህ አትመልሰው፤ ፍጥነቱ ይውረድ፣ ከዚያ በቀስታ ግባ። ብዙ ቦቴ የተገለበጠው ከመንገድ በወጣበት ሳይሆን በተመለሰበት ቅጽበት ነው። የተለያየ ቦታ የምታራግፍ ከሆነ የፊት ክፍሎቹን ጨርሰህ ክብደቱን ሁሉ ከኋላ አታስቀረው፤ የሚነዱት ጎማዎች መሬት መቆንጠጥ ያቅታቸዋል።

ቁልቁለቱን ታውቀዋለህ፣ አልደግመውም። ጎማውን ግን ልበልህ። ከጥንዱ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ሁሉንም ይሸከማል፤ የተነፈሰውም እየታጠፈ እየተዘረጋ ይግላል። ያልለቀቀ ፍሬንና የተበላ ኩሽኔታም እንዲሁ ያግላሉ። በቆምክ ቁጥር ዙርና የእጅህን ጀርባ ሳታስነካ አቅርበው፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢጋረፍህ ምክንያቱን ሳታገኝ አትንቀሳቀስ። የጎማ እሳት በዱቄት ማጥፊያ ጠፋ ስትለው ተመልሶ ይነሣል፤ ውስጡ እስኪበርድ ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ከ7.5 ቶን በላይ ለሆነ መኪና በዚያው ስምምነት መሠረት የሚያዘው ዱቄት በድምሩ 12 ኪሎ ነው፤ ለሞተር፣ ለጋቢና፣ ለጅምር የፍሬን እሳት። የጫንከውን ነዳጅ ሊያጠፋ አይደለም። እሳቱ ታንኩ ጋ ከደረሰ ማጥፊያውን ጥለህ ሰው ይዘህ ሽሽ።

ብርቱካናማዋን ሰሌዳ መቼም አይተሃታል። ከላይ የአደጋው ዓይነት፣ ከታች የጭነቱ የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር ነው። 33 እና 1203 ካለ ቤንዚን ነው፤ 30 እና 1202 ናፍጣ። ከላይኛው ቁጥር በፊት ኤክስ የምትመስለው የላቲን ፊደል ካለች ያ ጭነት ውኃ ሲነካው አደጋ ይፈጥራል። ሌላ ሾፌር ተገልብጦ ብታገኝ ይህችን ከሩቅ አንብበህ ነው የምትደውለው። የጭነት ሰነዱ ስትነዳ እጅህ የሚደርስበት ይሁን፤ ስትወርድ ወንበሩ ላይ ወይም የበሩ ኪስ ውስጥ ተወው። ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ወረቀት አንተ ራስህን ስተህ በወደቅክ ሰዓት ለማንም አይጠቅምም።

ፈሰሰ እንበል። ሞተር አጥፋ፣ የባትሪውን ማጥፊያ ዝጋ፣ ሰነዱን ይዘህ ውረድ፣ ነፋሱ ከሚመጣበትና መሬቱ ከፍ ካለበት በኩል ቁም። ሥር ያለውን መዝጊያ በደኅና መድረስ ከቻልክ ዝጋው። ነዳጁ ላይ አትራመድ፤ ወደ ቦይ እንዳይገባ ሳይደርስ ቀድመህ በአፈር ገድበው። የሰሜን አሜሪካ የድንገተኛ አደጋ መመሪያ ለቤንዚን ፍሳሽ ቢያንስ 50 ሜትር ከየአቅጣጫው፣ ታንኩ በእሳት ከተያዘ 800 ሜትር ሰው ይራቅ ይላል።

ከእሳቱ ቀድሞ የሚደርሰው ግን ጀሪካን የያዘ ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብበኝ። በሰኔ 2017 ፓኪስታን ውስጥ ባሃዋልፑር አካባቢ የተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ሲቀዱ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኅዳር 2021 ሴራሊዮን ውስጥ ፍሪታውን ላይ ከግጭት በኋላ የፈሰሰውን ሊቀዱ የተሰበሰቡ ከ100 በላይ ሞቱ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የቆጠርኩልህ። በሁለቱም ቦታ ከመፍሰሱ እስከ መፈንዳቱ ድረስ ጥቂት ጊዜ ነበር፤ ሕዝቡም የተሰበሰበው በዚያች ጊዜ ነው። ብቻህን ሕዝብ አትመልስም። ስለዚህ ከአምቡላንስ ቀድመህ ፖሊስ ጥራ፣ ረዳትህን በአንድ ወገን አንተ በሌላው ሆናችሁ መንገዱን ገና ሰው ሳይበዛ ዝጉ፣ የሚመጣ ተሽከርካሪ ሁሉ ሞተሩን እንዲያጠፋ አድርጉ። «ይነዳል» ብለህ ጩኽ፤ «አትስረቁ» አትበል። ሌባ ያልከው ሰው ይከራከርሃል እንጂ አይሸሽልህም፤ ክርክሩ ደግሞ ጊዜህን ይበላዋል።

መኪናውን ከመረከብህ በፊት የክዳኖቹን ጎሚኒ፣ የመተንፈሻዎቹን ጤንነት፣ ከሩቅ የሚዘጋው የአደጋ መዝጊያ በእርግጥ መዝጋቱን፣ የቱቦዎቹን መሰንጠቅ ራስህ እይ። መዝጊያው በሽቦ ተጠፍሮ ክፍት የቀረ ከሆነ፣ አንዳንዱ ለቅልጥፍና ብሎ እንዲህ ያደርጋል፣ ሳይስተካከል ቁልፉን አትቀበል።

መልስ ስትጽፍልኝ ቦቴው ስንት ክፍል እንዳለው፣ የሚጫነውም ከላይ ይሁን ከሥር ንገረኝ። ከላይ ከሆነ ጣራው ላይ ወጥቶ ስለ መሥራት ለብቻው የምጽፍልህ አለኝ፤ ከዚያ ላይ ወድቆ የሚሰበረው ሾፌር ጥቂት አይደለም። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ