ለመከታ ለደረሳችሁለት ሁሉ

ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ለኢዱም ለፋሲካውም በሰላም አደረሳችሁ። ይህን ምስጋና ቀደም ብዬ ልጽፈው አስቤ ነበር። መከታ ሳይቆም መጻፉ ግን አልሆንልኝ አለ። አሁን ቆሟል። የቀሩት እግሮች ሦስት ናቸው፤ ግን ቆሟል።

ለማታውቁት፣ መከታ የግቢያችን ውሻ ነው። ቡኒ ነው፣ ደረቱ ላይ ነጭ አለው። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከቦሩ ሜዳ ቡችላ ሳለ በኮቱ ሸጉጦ ያመጣው ነው። አባባ ካረፈ በኋላ እናቴ ሌሊት እንቅልፍ የሚወስዳት እሱ በር ላይ እንዳለ ስለምታውቅ ነው። ለአንድ ውሻ ይህ ሁሉ ወሬ ምንድን ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ የምጽፈው ለሰዎች ነው። ያን ሰሞን ያየሁትን ሰው ሁሉ ሳላመሰግን መቅረት አልችልም።

ዘንድሮ፣ በ2018፣ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። አደጋው የደረሰው በጾሙ መጀመሪያ ሰሞን ነው። ማለዳ ነበር፤ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ደሴ ላይ ገና አልተገፈፈም። የጭነት መኪና መከታን ገጭቶት አለፈ። ሾፌሩ አልቆመም። ስለሱ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

መጀመሪያ የደረሰው በአጥር የምንዋሰናቸው የእትዬ ልጅ ነው። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላሉኝ እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁን ጥግ አስይዞ መከታን ሊያነሳው ጎንበስ ሲል፣ መከታ እጁን ነከሰው። ከቡችላነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ልጅ! ዶክተሩ በኋላ እንዳስረዳን በጣም የተጎዳ ውሻ የሚወደውንም ሰው ይነክሳል። ክፋት አይደለም፣ ህመሙ ነው። ስለዚህ የቆሰለ ውሻ ከመነሳቱ በፊት አፉ ይታሰራል። እናቴ ከነጠላዋ ቀደደችና አፉን ጠምጥመን ከጆሮው ኋላ ቋጠርነው። የሚያስታውክ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ውሻ ከሆነ ግን ሊታፈን ስለሚችል አይታሰርም።

አናጺው ጎረቤታችን የሚሠራበትን ጣውላ ይዞ ሮጦ መጣ። ወገቡ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል መከታን ሳናጣምም፣ በብርድ ልብስ ስበን ጣውላው ላይ አስተኛነው። ጋሼ፣ ያ ጣውላ እስከ ዛሬ እኛ ቤት ነው። ዋጋውን ስጠይቅህ የተቆጣኸኝን አልረሳም።

የተነከሰውን ልጅ የያዙት ሲስተር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም ሲስተር ነው የሚላቸው። እጁን ቧንቧ ስር አስገብተው 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙና አሳጠቡት። «በቃኝ» ሲል «ገና ነው» ይሉታል። መከታ ክትባቱን የተከተበ ነው፣ ወረቀቱም አለን። ሲስተር ግን ወረቀቱን አስይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት እንጂ ወረቀት አለ ብለው አላስቀሩትም። ልክ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ቁስሉን ቶሎ ማጠብና ክትባት ሳይዘገይ መጀመር ሰውን ያተርፋል። የነከሰው ውሻ ደግሞ 10 ቀን ይጠበቃል። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ በምራቁ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። መከታ ጤነኛ ሆኖ ቆየ። ልጁን ያስተናገዳችሁት የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ በዚያ ሁሉ ሰልፍ መሀል ስላላጣደፋችሁት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ሳለ መከታን ወደ ክሊኒክ የወሰደው ያው ልጅ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም እንባዬ ይመጣል።

ክሊኒኩ በብዛት በግና ከብት የሚታከምበት ነው። ዶክተሩ መጀመሪያ ያየው እግሩን አልነበረም። ከንፈሩን ገልጦ ድዱን አየ። የጤነኛ ውሻ ድድ ሮዝ ነው። ከነጣ ደም በውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በጣት ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መመለስ አለበት። የመከታ ቀስ ብሎ ነበር የሚመለሰው። ግሉኮስ ተሰቀለለት፣ በብርድ ልብስ ተጠቀለለ። እግሩ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። የግራ የኋላ እግሩ ከታች ተጨፍልቋል፣ አጥንቱም ቆዳውም የሚሰበሰብ አልነበረም።

«በመርፌ ይገላገል» ያሉ ነበሩ። በክፋት አላሉትም። ዶክተሩም አልተቆጣቸውም። ማሳረፍ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ተናገረ፤ ይህ ግን ያ ጊዜ አይደለም አለ። ውሻ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ስለሆነ፣ የኋላ እግር ያጣ ውሻ ሮጦም መኖር እንደሚችል አስረዳን። እግሩ ተቆረጠ። ዶክተር፣ በማግስቱም ሳንጠራህ መጥተህ አየኸው። የከፈልኩህ ከልፋትህ ጋር እንደማይመጣጠን አውቀዋለሁ።

ፋርማሲ ያለህ ወንድሜ፣ ያን ቀን ማታ ያደረግከውን ብዙ ሰው አላወቀም። መከታ ሲያቃስት አንጀቱ የተላወሰ አንድ የሰፈር ሰው ዲክሎፍናክ ሊገዛለት መጥቶ ነበር። «ለማን ነው?» ብለህ ጠየቅክ። ለውሻ መሆኑን ስትሰማ አልሸጥክም፣ ለዶክተሩ ደወልክ። ለእኛ ለሰዎች የሚታዘዝ ማስታገሻ ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል። ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ፓራሲታሞልም ጉበቱንና ደሙን ያበላሻል። አንድ ጥያቄ በመጠየቅህ ውሻችን ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቤት ውስጥ ነው የሆነው። ረጅሙም እሱ ነው።

እኔ ቀን ሥራ ነኝ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። የተኛ ውሻ ደግሞ በየጥቂት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጎኑ ይቆስላል። ይህን የሰሙ የሰፈሩ ልጆች ተራ አወጡ። ማን አዘዛቸው? ማንም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ይገባሉ። ጭድ በማዳበሪያ ሞልተው ፍራሽ ሠሩለት፤ ሲረጥብ ይቀይሩታል። ለሽንት ሲወጣ የእናቴን አሮጌ ጋቢ በሆዱ ስር አሳልፈው፣ ሁለቱ ዳርና ዳር ይዘው ወገቡን ያነሱለታል። ልጆቼ፣ ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ያለ ሥራ ሲሸሹ አይቻለሁ። እናንተ አልተጸየፋችሁም።

ብርዱን ደሴ ለሚያድር ሰው አልነግርም። 2,500 ሜትር ላይ የካቲትም ሌሊቱ ሌሊት ነው። ደም የፈሰሰው ውሻ ሙቀቱን መያዝ አይችልም። ማታ ማታ ሃይላንድ ላስቲክ ሙቅ ውሃ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ከጎኑ እናደርግ ነበር። ያለ ጨርቅ ከሆነ ያቃጥለዋል። የኮምቦልቻ ዘመዶቻችን «ወደኛ አውርዱት፣ ቆላው ይሻለዋል» ብለው ደወሉ። ወደዚያ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በዚያ ቁስል ላይ ማሰብ ከበደኝና ተውኩት። መኪና እንልካለን ያላችሁት ቃል ግን ልቤ ውስጥ ነው።

ቁስሉን ሲስተር ያጥቡ ነበር፤ ለእኔም አስተማሩኝ። ውሃ ይፈላል፣ ለ1 ሊትር ሁለት ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመርበታል፣ ለብ እስኪል ይጠበቃል። ጓንት ይደረጋል። በአልኮል አይታጠብም፣ የዳነውን ሥጋ መልሶ ይገድለዋል። ናፍጣ ይደረግበት ያሉንም ነበሩ፤ ሲስተር በሩ ላይ ቆመው መለሷቸው።

የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ዶክተሩ ግን ስፌቱን እንዳይልስ አደራ ብሎን ነበር። ይልሳል፣ ከዚያ ክሩን ይነቅላል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። እንዳይልስ የሚከለክል፣ ለአንገቱ የሚሆን ኮሌታ ገበያ ላይ አጣን። ጫማ ሰፊው ወንድማችን የፕላስቲክ ባልዲ ቂጡን ቆርጦ፣ አንገቱን እንዳይከረክረው ዳሩን በስፖንጅና በቆዳ ሰፍቶ አመጣ። ልኩን ለመያዝ መከታ አጠገብ ቁጭ ብሎ በክር ሲለካው አይቼዋለሁ፤ ለሰው ጫማ እንደሚለካው ተጠንቅቆ። ገንዘብ አልቀበልም አለ።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ።

የኛ ቤት ጾም ላይ ነበር። ያለን ሽሮና ምስር ነው፣ በሽንኩርት የተሠራ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ደም ለፈሰሰው ውሻ ደግሞ የበለጠ። ሩዝ ቀቅለን ብንሰጠው አሽትቶ ተወው። ሥጋ ቤት ሄጄ ልገዛ ስነሳ እትዬ በአጥሩ በኩል ተጣሩ። ለማፍጠሪያ የሚሠሩትን ሾርባ ሽንኩርቱን ከመጨመራቸው በፊት፣ ጨው ሳይነካው፣ ለመከታ ለብቻ ቀድተውለታል። አጥንቱን አውጥተውታል። የተቀቀለ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት እንደሚወጋ ልጃቸው ከዶክተሩ ሰምቶ ነግሯቸው ነበር።

በዚያ ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር። ረመዳኑን ሙሉ ላኩ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ እየዋሉ፣ ከማፍጠራቸው በፊት የመከታን ጣሳ በአጥር ያቀብሉናል። የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሳይታጠብ ለሶላት እንደማይሆን ስለማውቅ፣ ጣሳውን እኛው እንቀበላለን፣ በእኛው ሳህን እንገለብጣለን። አንድ ቀን «እትዬ፣ ልጅዎን የነከሰ ውሻ እኮ ነው» አልኳቸው። «አብሽሪ» አሉኝና በሐዲስ ስለሚነገረው ሰውዬ ነገሩኝ። ተጠምቶ ወደ ጉድጓድ ወርዶ ጠጣ። ሲወጣ አንድ ውሻ ከጥማት የተነሳ እርጥብ አፈር ሲልስ አየ። ተመልሶ ወረደ፣ ጫማውን ውሃ ሞላ፣ በጥርሱ ነክሶ ወጣና አጠጣው። አላህም ማረው። «እኔ ጉድጓድ አልወረድኩ» አሉ እትዬ፣ «ያለኝን ድስት ነው ያማሰልኩ።»

እናቴ ያን ማታ ስለሳቸው ስትጸልይ ሰማኋት። እትዬ፣ አላህ ይስጥልኝ። ልጅዎን ይባርክልዎ። የዋሉልንን ውለታ እኔና እናቴ የምንመልስበት አቅም የለንም፤ የሚመልስ እሱ ነው።

መከታ መብላት ጀመረ ብለን ደስ ሲለን፣ አንድ ሌሊት ደግሞ ሰውነቱ ነደደ። የውሻ ሙቀት ጤነኛ ሲሆንም ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በእጅ ዳስሶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ሲስተር በቴርሞሜትር ለኩት፣ 40 አልፏል። ዶክተሩ ገጠር ነበር። በወሎ ዩኒቨርሲቲ እንስሳት ህክምና የምትማሩ ሁለት ልጆች፣ ስልኩን አንስታችሁ በዚያ ጨለማ ስለመጣችሁ ምን ልበላችሁ? ከዶክተሩ ጋር በስልክ እየተነጋገራችሁ ፋሻውን ፈታችሁ። ከስፌቱ ስር መግል ቋጥሮ ነበር። አጠባችሁት፣ ያዘዘላችሁን መርፌ ወጋችሁት፣ ውሃ በሲሪንጅ በጉንጩ በኩል ቀስ እያላችሁ አጠጣችሁት። ወደ ጉሮሮው ቀጥታ ከተረጨ ወደ ሳንባው እንደሚገባ ያኔ ነው የተማርኩት። እስኪነጋ ቆያችሁ። ጠዋት ላይ ሙቀቱ ወረደ፣ እናንተም ቡና ሳትጠጡ ወደ ክፍል ሮጣችሁ። ቡናው ዛሬም ይጠብቃችኋል። እናቶቻችሁ እንዲህ ያሉ ልጆች ማሳደጋቸውን ይወቁልኝ።

ጠላ ይዞ ሊጠይቀን የመጣ አለ፣ ዳቦ ጋግራ የመጣች አለች። ለሰው እንደሚመጣው ነው የመጣችሁት። አንዳንዶቻችሁ ውሻ እንደማትወዱ አውቃለሁ። ለእናቴ ብላችሁ መጣችሁ። የሁላችሁንም ስም ባልዘረዝርም አንዱም አልጠፋኝም።

ዛሬ ስፌቱ ወጥቷል፣ ፀጉሩም እየሸፈነው ነው። ደረጃ መውረድ ገና ይፈራል። መኪና ሲሰማ ወደ ግቢ ይሸሻል፤ በዚህ አልከፋም። የባጃጁ ልጅ እጅም ድኗል፣ ክትባቱንም ጨርሷል።

የተረፈው ፋሻ፣ ያልተከፈተ ጓንት፣ ቴርሞሜትሩ፣ የባልዲው ኮሌታና ጣውላው እኛ ቤት ታጥበው ተቀምጠዋል። ውሻ የተጎዳበት ሰው ካለ ይምጣና ይውሰድ። ሲጨርስ አጥቦ ይመልስልን፣ ለሌላው ይሆናል። እናቴ ቀን ቤት አለች፣ እኔ ከ11 ሰዓት በኋላ እገኛለሁ። ማገላበጡንና ማጠቡን የሚያግዝ ሰው ከፈለጋችሁም እመጣለሁ፣ ልጆቹም እሺ ብለዋል።