ለልጆችህ የፊደል ገበታ

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከተጻጻፍን ዓመታት አለፉ፤ ፍቅርህ ግን ያው ነው። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር መጀመርህን፣ ለልጆችህም የፊደል ገበታ በኮምፒውተር ልትሠራ ማሰብህን ስሰማ ደስታዬን መያዝ አልቻልኩም።

ታዲያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጻፍክ አትድከም። ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ በተራ ሄዶ «ሆ» 4614 ላይ ይደርሳል። ለየረድፉ 8 ቦታ ስለተመደበ «ለ» ከ4616 ይጀምራል። ባዶ ሊስት (ብዙ ነገር በተራ የሚይዝ ዝርዝር) ክፈት፤ ከ0 እስከ 6 በሚቆጥር ፎር ሉፕ (ሥራን በዙር በሚደጋግም ትእዛዝ) መነሻውን ቁጥር ከዙሩ ቁጥር ጋር ደምረህ ወደ ፊደል ለውጠው፤ ከዚያ አፔንድ በሚባለው መጨመሪያ ትእዛዝ ሊስቱ ውስጥ ጨምረው። ይህን ሉፕ መነሻውን 8 በ8 በሚያሳድግ ሌላ ሉፕ ውስጥ አግባውና ለየረድፉ አዲስ ባዶ ሊስት ስጠው። እስከ «ቀ» ድረስ ዘጠኙ ረድፎች አምረው ይወጣሉ። ቀጥሎ የሚመጣው የ«ቈ» ረድፍ ግን በመካከሉ ባዶ ቦታ ስላለው ለብቻው ይታይ።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው በየዙሩ ፊደሉን በመደመር ምልክት ከስትሪንግ (በፓይተን ጽሑፍ ከሚያዝበት የፊደላት ሰንሰለት) ጋር ይቀጥላል። ይሠራል፤ እኔ ግን አልወደውም። የፓይተን ስትሪንግ አንዴ ከተፈጠረ አይለወጥም፤ ስለዚህ በመርሁ በቀጠልክ ቁጥር የነበረው ሁሉ ወደ አዲስ ስትሪንግ ይገለበጣል። ለሰባት ፊደል ምንም አይደለም፤ ለረጅም ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ሊስት ጭማሪ እንዲቀበል ሆኖ የተሠራ ነው። በእርሱ ሰብስብና በመጨረሻ ጆይን በሚባለው ማገጣጠሚያ ትእዛዝ አንድ ጊዜ አገጣጥም።

ጆይን የሚጠራው ከሊስቱ ሳይሆን ከመለያያው ስትሪንግ ነው። መለያያውን «፡» ብታደርገው በፊደላቱ መካከል ብቻ ይገባል፤ ከመጨረሻው ፊደል በኋላ የተንጠለጠለ ምልክት አይቀርም። ይህን በመደመር ልታመጣው ብትል የመጨረሻውን ዙር የሚለይ ቅድመ ሁኔታ መጻፍ ይኖርብህ ነበር። ረድፎቹንም በአዲስ መስመር ምልክት እንዲሁ አያይዛቸው። በሊስቱ ውስጥ ቁጥር ካለ ግን ጆይን አይቀበለውም፤ አስቀድመህ ወደ ስትሪንግ ለውጠው።

ደግሞ ፓይተን 3 የተለዋዋጮችን፣ ማለትም በኮዱ ውስጥ መረጃ የምናስቀምጥባቸውን መያዣዎች፣ ስም በግእዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። ሊስቱን «ፊደላት» ብለህ ሰይመው፤ ልጆቹ ገበታውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም በኮዱ ውስጥ ያንብቡት።

ሲያልቅ ኮዱን ላክልኝ፤ የ«ቈ»ን ረድፍ እንዴት እንዳስተናገድከው ማየት እፈልጋለሁ። ባለቤትህንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ